ሲልቨር ስፕሪንግን በእግር ማወቅ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዲሲ በስተሰሜን፣ ድንበሩ ጥግ ላይ ያለችውን ሲልቨር ስፕሪንግን አብዛኞቻችን የምናውቃት በምሳና በእራት ነው። መኪና እናቆማለን፣ እንበላለን፣ ቡና እንጠጣለን፣ እንሄዳለን። ይህ ገጽ የተዘጋጀው ከምግቡ በኋላ ዞር ዞር ማለት ለሚፈልግ፣ ዘመድ ለመጠየቅ ለመጣ፣ ወይም አካባቢው ላይ ገና ቤት ለተከራየ ሰው ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ናት ወይስ የዲሲ ሰፈር?

ሁለቱንም አይደለችም። ያለችው ሜሪላንድ ውስጥ፣ በሞንትጎመሪ ካውንቲ ሥር ነው። የራሷ ከንቲባም ሆነ የከተማ ምክር ቤት የላትም፤ የምትተዳደረው መቀመጫው ሮክቪል በሆነው ካውንቲ ነው። በ2020 የሕዝብ ቆጠራ 81 ሺህ ገደማ ነዋሪ ተቆጥሮባታል። ፖስታ ቤቱ ግን ስሟን ከዚህ እጅግ ለሰፋ አካባቢ ይጠቀምበታል። ስለዚህ ዘመድዎ «ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ» ካለዎት ዚፕ ኮዱን ይጠይቁት። 20910 ከሆነ መሃሉ ላይ ወይም መሃሉ አጠገብ ነው። 20904 ወይም 20906 ካለዎት ግን ወደ ሰሜን ርቆ ነው የሚኖረው፤ ከሜትሮ ወርጄ በእግሬ እደርሳለሁ ብለው እንዳይነሡ።

መኪና የለኝም፤ እንዴት ልድረስ?

ቀላሉ መንገድ ሜትሮ ነው። ጣቢያው የተከፈተው በ1978 ሲሆን ሬድ ላይን ላይ ነው። ከዲሲ መሃል ሲሳፈሩ ባቡሩ ግንባር ላይ «ግሌንሞንት» የሚል ጽሑፍ መኖሩን ይዩ። ሬድ ላይን ሁለቱም ጫፉ ሜሪላንድ ውስጥ ስለሆነ «ሜሪላንድ የሚሄደው የቱ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ወደ ሼዲ ግሮቭ ሊላክ ይችላል፤ እሱ ደግሞ በሌላ በኩል ዞሮ የሚሄድ ነው። ከሜትሮ ሴንተር 20 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ከዩኒየን ስቴሽን በኋላ ባቡሩ ከመሬት በላይ ስለሚወጣ መስኮት አጠገብ ቢቀመጡ ጥሩ ነው፤ ከተማው ቀስ በቀስ ወደ ጓሮና ዛፍ ሲለወጥ ያዩታል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሚያርፍበት ደለስ ኤርፖርትም ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ በባቡር መምጣት ይቻላል። ሲልቨር ላይን ይዘው ሜትሮ ሴንተር ላይ ወደ ሬድ ላይን መቀየር ነው። ነገር ግን ሽሮና በርበሬ የታጨቀባቸው ሁለት ትልልቅ ሻንጣዎች ይዘው ከሆነ የሚቀበልዎ ሰው ቢኖር ይሻላል፤ መንገዱ ረጅም ነው፤ ድካሙም አለ።

አንዴ ከደረሱ በኋላ ራይድ ኦን የሚባለው የካውንቲው አውቶቡስ አለልዎ። ከ2025 አጋማሽ ጀምሮ ለሁሉም ሰው ነፃ ነው። የሜትሮ አውቶቡስ ግን ያስከፍላል፤ ሁለቱ ከአንድ ጣቢያ ስለሚነሡ ስሙን አይተው ይግቡ።

ስሙ የመጣው ከእውነተኛ ምንጭ ነው?

አዎ፤ ቦታውም ዛሬ ድረስ አለ። በ1840 ፍራንሲስ ፕሬስተን ብሌር የሚባል ታዋቂ የጋዜጣ አዘጋጅ ከልጁ ከኤልሳቤጥ ጋር በፈረስ ሲሄድ አንድ ምንጭ አገኘ። በአሸዋው ውስጥ የነበረው ማይካ የሚባል ማዕድን በፀሐይ ብር መስሎ ያብለጨልጭ ነበር። ብሌር መሬቱን ገዝቶ ቤት ሠራበትና ርስቱን በምንጩ ስም ሰየመው። የዲሲ ቤቱ ደግሞ ዛሬ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የውጭ አገር መሪዎችን የሚያሳርፍበት ብሌር ሃውስ ነው።

ምንጩ የነበረበት ቦታ ኤኮርን ፓርክ ይባላል፤ ከሜትሮ ጣቢያው በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። በጣም ትንሽ ስለሆነ ብዙ ሰው ሳያየው ያልፋል። በኦክ ዛፍ ፍሬ ቅርጽ የተሠራ አሮጌ የእንጨት ዳስ አለ፤ የአካባቢውን ታሪክ የሚያሳዩ ሥዕሎችም ግድግዳ ላይ ተሥለዋል። የሚፈስ ውሃ አይጠብቁ፤ ዙሪያው ሲገነባ ምንጩ ደርቋል። እንደኔ ግን ማንኛውም ጉብኝት ከዚህ ቢጀመር ጥሩ ነው፤ አካባቢው ከአንድ ሰው እርሻ ተነሥቶ የት እንደደረሰ እዚያው ቆመው ዙሪያዎን ሲያዩ ይገባዎታል።

ዲሲ የት ያልቃል? ሜሪላንድስ የት ይጀምራል?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ፤ መልሱ በእግር ሊሄዱበት የሚችሉት ነገር ነውና። ዲሲ መጀመሪያ ሲካለል እያንዳንዱ ጎኑ 10 ማይል፣ ማለትም 16 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ፣ በጫፉ የቆመ አራት ማዕዘን ነበር። በ1791 እና በ1792 በዙሪያው 40 የድንበር ድንጋዮች ተተከሉ። በመጀመሪያው የቅየሳ ሥራ ላይ ነፃ ሆኖ የተወለደው የሜሪላንዱ ጥቁር የሥነ ፈለክ ሰው ቤንጃሚን ባኔከር ተሳትፏል። የሰሜኑ ጫፍ ድንጋይ ከመሃል ሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ምዕራብ፣ ኢስት ዌስት ሃይዌይ ዳር፣ በብረት አጥር ተከብሮ ዛሬም አለ። የደቡቡ ጫፍ ደግሞ አሌክሳንድሪያ ነው፤ ቨርጂኒያ የሰጠችው መሬት በ1840ዎቹ ተመልሶላታል። የአካባቢያችን ሐበሻ በብዛት የሰፈረባቸው ሁለት ከተማ ዳሮች፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ፣ የዚያ አሮጌ ካርታ ሁለት ጫፎች መሆናቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል።

በመሃል በኩል ድንበሩ ኢስተርን አቬኑ ነው። መንገዱን ሲሻገሩ የሚለየው የመኪና ታርጋ ብቻ አይደለም፤ ግብሩ፣ የትምህርት ቤት ምዝገባው፣ የተከራይ መብቱ ሁሉ ይለያል። ቤት የሚፈልግ ሰው ከአንዱ ማዶ የሰማውን ሕግ በሌላው ማዶ ይሠራል ብሎ እንዳይዋዋል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው ያለኝ፤ በእግሬ ምን ልይ?

ከሜትሮ ይውረዱና መጀመሪያ ኢስት ዌስት ሃይዌይ ላይ ወዳሉት የኖአ ሕንፃዎች ይሂዱ። የአሜሪካ የውቅያኖስና የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ዋና መቀመጫ ነው፤ በቴሌቪዥን የምንሰማው የማዕበልና የበረዶ ማስጠንቀቂያ የሚሰጠው የአየር ትንበያ አገልግሎትም ያለው እዚሁ ነው። ሕንፃዎቹ አይማርኩም። አጠገባቸው ያለውን ሐውልት ግን ጊዜ ሰጥተው ይዩት፤ አንድ ግዙፍ የነሐስ እጅ ከመሬት ወጥቶ የባሕር ወፎችን ወደ ሰማይ ይለቃል። ጠጋ ብለው የጣቶቹን መገጣጠሚያና የወፎቹን ክንፍ ይመልከቱ። ልጆች ከሥሩ ቆመው ፎቶ መነሣት ይወዳሉ።

ከዚያ ኤኮርን ፓርክን አይተው ወደ ጆርጂያ አቬኑ ይውጡ። ከባቡር ድልድዩ አጠገብ በ1945 የተሠራው አሮጌው የባቡር ጣቢያ አለ፤ ታድሶ በጥሩ ሁኔታ ተይዟል። ጆርጂያ አቬኑን ወደ ሰሜን ሲከተሉ ኮልስቪል ሮድ ጋ ይደርሳሉ፤ የአካባቢው ዋናው መገናኛ ይህ ነው። እዚያ ጥግ ላይ በ1938 የተከፈተው ሲልቨር ቲያትር አለ። ተዘግቶ፣ ሊፈርስም ተፈርቶለት ነበር። በ2003 ታድሶ በአሜሪካ የፊልም ተቋም ሥር ተከፈተ። አዳራሹ ወደ ቀድሞ መልኩ ስለተመለሰ ፊልሙ ባይማርክዎ እንኳ ለአዳራሹ ሲሉ ትኬት ቢቆርጡ አይቆጩም። የአፍሪካ ፊልሞችም በየጊዜው ይታዩበታል።

ቀጥሎ ኤልስዎርዝ ድራይቭ ነው፤ ልጆች በበጋ የሚራጩበት ፏፏቴና ሰው የሚቀመጥበት አደባባይ አለ። ቅዳሜ ጠዋት የገበሬዎች ገበያ ይቆምበታል። ከዚያ አንድ መታጠፊያ ወደ ፌንተን ስትሪት ያወጣዎታል።

የሐበሻው ሰፈር የቱ ጋ ነው?

ፌንተን ስትሪትና ጆርጂያ አቬኑ፣ በመካከላቸውም ያሉት አጫጭር መንገዶች። ድሮ የሐበሻ ምግብ ቤት ማለት አዳምስ ሞርጋን ነበር፤ በኋላ ዩ ስትሪትና 9ኛው መንገድ ሆነ። በዲሲ ኪራይ እየናረ ሲሄድ ሥራውም ሰውም ወደ ከተማው ዳር ወጣ፤ ወደዚህም መጣ። የምግብ ቤት ስም አልጠራም፤ ሁሉም የየራሱ ደንበኛ አለው፤ ክትፎው የሚሻለውና በያይነቱው የሚሻለው ቤት አንድ አይደለም። የማልደብቀው ምክር ግን አለ፦ ቅዳሜ ማታ አይምጡ። ቅዳሜ ማታ ፓርኪንግ ፍለጋ ሲዞሩ ያመሻሉ፣ ሙዚቃው ጆሮ ይሞላል፣ አስተናጋጇም ለማውራት ጊዜ የላትም። የሥራ ቀን ወደ አሥር ሰዓት ግድም ይምጡ። ያኔ ከታክሲና ከኡበር አረፍ ያሉ ሾፌሮች ማኪያቶ ይዘው ይነጋገራሉ፣ ባለቤቷ ራሷ እየዞረች «ምን ይጨመር?» ትላለች። ስለ ሥራ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ልጆች ትምህርት ቤት ትክክለኛ ወሬ የሚሰማው ያኔ ነው።

የሐበሻ ማርኬቶቹንም ገብተው ይዩ። እንጀራው በላስቲክ ታሽጎ ካሸሩ አጠገብ ይደረደራል፤ ጠዋት የገባው ሲነኩት ገና ለስላሳና ለብ ያለ ነው። ጌሾ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ኮረሪማ፣ ድርቆሽ፣ ጀበና፣ ረከቦት ሳይቀር ይገኛል። በሩ አጠገብ ያለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ደግሞ በራሱ ንባብ ነው፦ የሚከራይ ክፍል፣ ሞግዚት ፈላጊ፣ የቀብርና የተዝካር ጥሪ፣ የዕድር ስብሰባ፣ የልጆች የአማርኛ ትምህርት። አዲስ የመጣ ሰው ስልክ ላይ ከመፈለጉ በፊት እሱን ቢያነብ ይጠቅመዋል።

ካውንቲው ራሱ ከጎንደር ከተማ ጋር ከ2012 ጀምሮ የእህትማማች ከተማ ግንኙነት አለው። ብዙ ጎንደሬ እዚህ እየኖረ ይህን አለማወቁ ያሳዝነኛል።

ድሮ ጥቁሮች እዚህ መኖር አይችሉም ነበር የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ለእኛም ማወቁ ግዴታ ይመስለኛል። በ1920ዎቹና ከዚያም በኋላ መሬት እየሸነሸኑ ቤት የሠሩ ኩባንያዎች በሽያጭ ውሉ ውስጥ ቤቱ ለጥቁር እንዳይሸጥና እንዳይከራይ የሚል አንቀጽ ያስገቡ ነበር። በብዙዎቹ ውሎች ጥቁር ሰው በዚያ ቤት ማደር የሚችለው ሠራተኛ ከሆነ ብቻ ነበር። በ1948 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲህ ያሉ አንቀጾችን ፍርድ ቤቶች ማስፈጸም እንደማይችሉ ወሰነ፤ በ1968 ደግሞ የፌዴራሉ የመኖሪያ ቤት ሕግ በቤት ሽያጭና ኪራይ መድልዎን ከለከለ። ሕጉ በወጣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው ከኢትዮጵያ የሸሹት የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች ወደዚህ አካባቢ መግባት የጀመሩት። በሩን ያስከፈቱት በትግላቸው ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። እኛ በተከፈተ በር ነው የገባነው።

ይህን ታሪክ በእግር ማየት ለሚፈልግ ሊተንስቪል አለች። በ1853 ሳሙኤል ሊተን የተባለ ነፃ ጥቁር ሰው መሬት ከገዛ በኋላ የተመሠረተች መንደር ናት። ዙሪያዋ ያሉት የነጭ ሰፈሮች መንገድና ቧንቧ ሲገባላቸው እሷ ለረጅም ዓመታት አስፋልት እንኳ አልነበራትም። ከባቡር ሀዲዱ ማዶ ጋር የሚያገናኛት በ1918 የተሠራ ጠባብ ድልድይ ነበር፤ የታልቦት አቬኑ ድልድይ ይባላል። ሥራ የሚሄደውም ገበያ የሚወጣውም በእሱ ላይ ያልፍ ነበር። በ2019 ለአዲሱ የባቡር መስመር ሲባል ፈርሶ በቦታው አዲስ ተሠርቷል። ሄደው አዲሱን ድልድይ በእግር ይሻገሩት፤ ከወዲያና ከወዲህ ያሉትን ቤቶች ያስተያዩ።

የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት እዚህ ደርሶ ነበር?

ደርሷል። በሐምሌ 1864 የተገነጠሉት የደቡብ ግዛቶች ጦር በጄነራል ጁባል ኧርሊ መሪነት ዋሽንግተንን ለመያዝ በዚህ በኩል መጣ፤ የብሌርን ርስትም ያዘ። የልጁ የሞንትጎመሪ ብሌር ቤት ተቃጠለ። ጦሩ የተመለሰው ከዚሁ በጆርጂያ አቬኑ ወደ ደቡብ ዲሲ ውስጥ ካለው ፎርት ስቲቨንስ ከሚባለው ምሽግ ነው፤ ፕሬዚዳንት ሊንከን ራሳቸው ምሽጉ ላይ ቆመው ሳለ ተተኩሶባቸው ነበር። ምሽጉ ከፊሉ ታድሶ ይታያል፤ መግቢያ አይከፈልም።

ከልጆች ጋር የት ልሂድ?

ስላይጎ ክሪክ። ወንዙን ተከትሎ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሄድ የእግርና የብስክሌት መንገድ አለው፤ አጠገቡ ያለው የመኪና መንገድም ቅዳሜና እሁድ በከፊል ለመኪና ስለሚዘጋ ብስክሌት ለሚለማመድ ልጅ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። ሚዳቋ ያያሉ፤ በበጋ መጀመሪያ ሲመሽ ደግሞ እሳት ራት የመሰሉ፣ ጅራታቸው የሚበራ ጥቃቅን ነፍሳት ሣሩ ላይ ይበራሉ። ከዚያ በስተሰሜን ዊተን ያለው ብሩክሳይድ ጋርደንስ የአበባ መናፈሻ ነው፤ በነፃ ይገባል።

በሬድ ላይን አንድ ጣቢያ ቀጥለው ፎረስት ግሌን ቢወርዱ ደግሞ ልጆቹ ከባቡሩ ሳይርቁ ይደሰታሉ። ጣቢያው 60 ሜትር ገደማ ጥልቀት አለው፤ ከሜትሮው ጣቢያዎች ሁሉ ጥልቁ ነው፤ ኢስካሌተር ስለሌለው የሚወጣው በአሳንሰር ብቻ ነው። ቀጣዩ ጣቢያ ዊተን ደግሞ 70 ሜትር የሚረዝም ኢስካሌተር አለው። ከፍታ የሚፈራ ሰው ካለ እዚያም አሳንሰር አለ።

ከፎረስት ግሌን ጣቢያ በእግር የሚደረስበት አንድ አስገራሚ ሰፈር አለ። በ1894 የተከፈተ የሴቶች ትምህርት ቤት ግቢ የነበረ ነው፤ የተማሪ ማኅበራቱ ቤቶች አንዱ የጃፓን ፓጎዳ፣ አንዱ የሆላንድ የንፋስ ወፍጮ፣ አንዱ የስዊስ የገጠር ቤት፣ አንዱ ቤተ መንግሥት መስለው ተሠርተዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሠራዊቱ ለቁስለኞች ማገገሚያ ወሰደው። ዛሬ ሰው ይኖርባቸዋል፤ ስለዚህ ከመንገድ ሆነው ይዩ፤ ደጃፍ ላይ ወጥተው ፎቶ አይነሡ። ከዚያ አለፍ ብሎ የጤናና የሕክምና ብሔራዊ ሙዚየም አለ፤ ሊንከንን የገደለችው ጥይት እዚያ ትታያለች። በነፃ ነው፤ የሰውነት ክፍሎችና የቁስል ማሳያዎች ስላሉበት ግን ትንንሽ ልጆችን አልመክርም።

መንገዱ ለምንድን ነው ሁልጊዜ ተቆፍሮ ያለው?

ፐርፕል ላይን ነው። ከቤተዝዳ እስከ ኒው ካሮልተን 26 ኪሎ ሜትር የሚረዝም፣ 21 ጣቢያዎች የሚኖሩት ቀላል ባቡር ነው፤ ግንባታው በ2017 ተጀምሮ ብዙ ተጓቷል። ሜትሮ ሁሉንም ሰው ወደ ዲሲ መሃል የሚወስድ ሲሆን ይህ ግን የከተማ ዳሮቹን እርስ በርስ ያገናኛል። ለሱቆቹ አጥሩና አቧራው ከባድ ጊዜ ነበር፤ የጎረቤት ሱቅ አጥር ስለከበበው ብቻ አይለፉት።

እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታለች፤ እንግሊዝኛ አትችልም። ብቻዋን መውጣት ትችላለች?

ከብዙ የአሜሪካ ሰፈሮች በተሻለ ትችላለች። መሃሉ ላይ የእግረኛ መንገድ አለ፣ መቀመጫ አለ፣ በነጠላ የሚሄዱ እናቶች በየመንገዱ ስለሚገጥሟት ሰላምታ አታጣም። የካውንቲው ብዙ ወረቀቶችም ሆኑ የትምህርት ቤቶቹ ማስታወቂያዎች በአማርኛ ይዘጋጃሉ፤ 311 ደውሎ «አማርኛ» ማለት ብቻ አስተርጓሚ ያስገኛል። ዌይን አቬኑና ፌንተን መገናኛ ላይ ያለው የቻርልስ ማጊ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ለአረጋውያን ጥሩ ማረፊያ ነው፤ ሙቀት አለው፣ መጸዳጃ አለው፣ ማንም «ምን ፈልገሽ ነው?» አይላትም።

ሁለት ነገር ብቻ ያስተምሯት። ጆርጂያ አቬኑና ኮልስቪል ሮድ ሰፋፊና መኪና የሚፈጥንባቸው ናቸው፤ ማቋረጫው ላይ ያለውን ቁልፍ ተጭና ነጩ የሰው ምልክት እስኪበራ እንድትጠብቅ ይንገሯት፣ አብረዋትም ደጋግመው ይሻገሩ። ሁለተኛ፣ ሙሉ አድራሻዎን ከነዚፕ ኮዱ፣ ስልክዎንም በእንግሊዝኛ ወረቀት ላይ ጽፈው ቦርሳዋ ውስጥ ያድርጉላት፤ የሞባይል ባትሪ በሚያልቅበት ቀን ያስፈልጋታል።

በየትኛው ወር ልምጣ?

ሚያዝያና ጥቅምት። ሐምሌ በጣም ይወብቃል፤ በእግር መሄድ የሚቻለው እስከ ጠዋቱ አራት ሰዓት ወይም ከመሸ በኋላ ነው። ጥርና የካቲት ደግሞ የእግረኛ መንገዱ በረዶ ይይዛል፤ ከላይ የተዘረዘረውን የእግር ጉዞ ለዚያ ጊዜ አያቅዱት፤ ሲልቨር ቲያትርንና ቤተ መጻሕፍቱን ያስቀድሙ።